እጅ ሁሉ በየሥራው

ሚያዝያ 8 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ለእናቴ ወንድም፣ ለቤታችን መመኪያ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ጤነኛ ነው፤ ይኸው አሁንም አጠገቤ ቁጭ ብላ እንዲህ በልልኝ፣ እንዲያ በልልኝ እያለች ታዋክበኛለች። ያለችውን ሁሉ ብጽፍ ወረቀቱ አይበቃም፤ "ናፍቀኸኛል በለው" ያለችውን ብቻ ወስጃለሁ።

ጋሼ፣ አለቃ ሆኛለሁ። እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ ግን እውነቴን ነው። ስፌት ቤታችንን ስታስተዳድር የነበረችው እትዬ መቀስ ልጇ ዘንድ ልትኖር ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ የስፌት ቤቱ ባለቤትም ከዚህ ሁሉ ሰው አንተ ትሻላለህ ብሎ በሷ ቦታ አስቀመጠኝ። ትናንት አብሬያቸው ኮሌታ ስሰፋ የነበርኩት ዛሬ በሁለቱ የማሽን ረድፍ መካከል እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እመላለሳለሁ። እናቴ "ራስ ሳይጠና ጉተና" ብላ ስቃብኛለች።

ሳልዋሽዎ ፈርቻለሁ። ሁሉም በዕድሜ ይበልጡኛል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ ተቀብለናል፤ ትምህርት ሳይከፈት ካላስረከብን ይሄ ሹመት በአፍንጫዬ ነው የሚወጣው። እና አንድ የቸገረኝ ነገር አለ፣ እሱን ልጠይቅዎ ነው የጻፍኩት።

መስኮቱ ሥር የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሁላችንም ጋሽ ቁልፉ ነው የምንላቸው። ቁልፍ የሚተክል ማሽን ስለሌለን የያንዳንዱ ሸሚዝ ቁልፍ በሳቸው እጅ ያልፋል። ለእጃቸው እንከን አይወጣለትም፤ ሸሚዙ አርጅቶ ጨርቅ ሲሆን እንኳን እሳቸው የተከሉት ቁልፍ ከቦታው አይነቃነቅም። ዓይናቸው ግን የመርፌ ቀዳዳ ማየት ካቆመ ቆይቷል። እና ጠዋት ሴቶቹ ማሽናቸው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት እየተራመዱ ወደ መስኮቱ ይሄዱና መርፌዎች ውስጥ ክር እያስገቡ ስፖንጅ ላይ ሰክተውላቸው ይመለሳሉ። ቀን ላይ መርፌዎቹ ሲያልቁ ደግሞ በዚያ ያለፈ ሁሉ ቆም ብሎ ያስገባል። እጅጌ የምትሰፋው ሹሩቤማ ማሽኗን አቁማ ነው የምትሄደው። አንድም ቀን ስለዚህ ነገር ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ኮሌታ በምሰፋበት ጊዜ አስገብቼላቸዋለሁ። አሁን ግን አለቃ ሆኜ ሳየው የሥራ ሰዓት ሲፈስ ነው የሚታየኝ።

እርስዎ በዚያ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ቀጥ አድርገው ይዘዋል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

እናቴ ደግሞ ሥራ ቦታዎ ላይ የተነሱት ፎቶ ይላክልኝ ብላለች። ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ቢሆን ደስ ይላታል። ለጎረቤት የምታሳየው ነገር ስላጣች ነው።

እግዜር ዕድሜዎን ያርዝምልን፤
የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 30 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለአዲሱ ሹም፤

ሰላምታዬ ከነሳቄ ይድረስህ። ድንቄም አለቃ። አንተ እኮ ጫማህን ግራና ቀኝ አቀያይረህ አድርገህ ሰውን "ተራ ያዙ" የምትል ልጅ ነበርክ። ይኸው ፈጣሪ የልብህን መሻት አየልህ። እናትህን ጉልበቷን በሞቀ ውኃ ትያዘው፤ ደረጃ አትውጣ በላት። እኔ ደኅና ነኝ፣ ምስጋና ይግባው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አለቃ የሚፈተነው ገና ሲሾም ነው። ሠራተኛ ውኃ ማለት ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ መፍሰስ ነው። የሰው ሥራ የሚሠራ ሰው የራሱን እያጎደለ ነው። እኔ ዘንድ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም። አንሶላ ከመተኮሻው ትኩሱን ሲወጣ ሁለት ሰው አራቱን ጫፍ ይይዛል፤ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ወደሱ ይራመዳል። የሚራመደው ከዘገየ ይጨማደዳል፣ የሚቆመው ካላላው መሬት ይነካል፣ መሬት ከነካ ተመልሶ ይታጠባል። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ሁሉም የያዘውን ጫፍ ያውቃል። እጅ ሁሉ በየሥራው። ይህችን ቃል ያዝ።

ሽማግሌውን ለብቻ ጠርተህ አትለማመጥ። ለብቻ የተነገረ ነገር ይረሳል። ጠዋት ሁሉም ባሉበት አንዴ ተናገር፤ ሁለተኛ መናገር አያስፈልግህም። መርፌውን ካየ ይሥራ። ካላየ ጊዜው አልፏል ማለት ነው፤ የሁላችንም ጊዜ ያልፋል። አንተ ደግሞ ልብህ ቶሎ ይራራል፣ ከድሮም አውቅሃለሁ፤ አለቃ ከሆንክ ወዲያ ግን እሱን ቤትህ አስቀምጠኸው ውጣ።

የፎቶው ነገር፣ ሥራ ቦታ መነሳት ክልክል ነው። በሆቴሉ በር ላይ የተነሳሁትን ልኬላታለሁ። ኮቱ የራሴ ነው በላት።

ሥልጣንህን የተባረከ ያድርግልህ፤
አጎትህ


ግንቦት 18 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

እግዜር ይስጥልኝ፣ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ፎቶው ደግሞ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። እናቴ ገቢ ወጪውን ሁሉ እያስቆመች "የልብስ ማጠቢያው አዛዥ" እያለች ታስተዋውቅዎታለች። ጎረቤቶቻችን ሸሚዝ የሚያጥብላቸው ሰው እስኪመስላቸው ድረስ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሳይቀመጡ ካውያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ተናገርኩ። ከዛሬ ጀምሮ እጅ ሁሉ በየሥራው ነው፣ ለጋሽ ቁልፉ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቀርቷል፣ ሁሉም የተቀጠረበትን ይሥራ አልኩ። ስማቸውን መጥራት አላስፈለገኝም ነበር፤ አፌ ላይ መጣና ጠራሁት። ጋሽ ቁልፉ ብቻ "ደግ" አሉ። ከዚያ ሄደው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

ጋሼ፣ ያንን ጠዋት ለእርስዎ ነው እንጂ ለማንም አልናገረውም። መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አነሱ፤ ክሩን በምላሳቸው አሾሉ፤ ወደ ቀዳዳው ሰደዱት፤ አልፎት ሄደ። እንደገና አሾሉ፤ አሁንም አለፈው። እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ዝም ብሎ ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው። ማሽኖቹ ሁሉ ይሠራሉ፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ግን ቤቱ ውስጥ ከሳቸው መርፌ ሌላ ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ሹሩቤ ብድግ አለች። እኔም አየኋት። ተመልሳ ተቀመጠች።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፊታቸው ያለው የሸሚዝ ክምር ምንም አልጎደለም። ከምሳ መልስ መጡ፤ እንደዚያው ሆኑ። ማታ ሲወጡ "ደኅና እደሩ" አሉን፤ ሁልጊዜም ይሉናል። በማግስቱ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ታመው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ለጊዜው ቁልፉን ሁለት ሴቶች እየተከሉት ነው፤ የነሱ ሥራ ደግሞ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ሥርዓት ማስያዝ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው አይደል? ልክ ነኝ አይደል፣ ጋሼ? አንድ መስመርም ቢሆን ቶሎ ይጻፉልኝ።

በጸሎትዎ አይርሱኝ፤
የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 27 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንተና ለቤቱ ሁሉ። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት፤ አሁንም ብዙ አልጽፍም።

ሽማግሌው ሲወጣ ምን ይዞ ወጣ? ልጆች አሉት? ከዚያ በኋላ ያየው ሰው አለ? ምን ያህል ጊዜ ነው በዚያ መስኮት ሥር የተቀመጠው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ያደረግኸው በኔ ቃል ነው፤ አንተ ራስህን ብቻ እንዳትወቅስ። እናትህ ፎቶውን ከግድግዳ ብታወርደው ደስ ይለኛል፤ ፀሐይ ያበላሸዋል።

አጎትህ


ሐምሌ 20 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጽሕፈትዎን አይታ እናቴ ደነገጠች። "ይሄ የሱ እጅ አይደለም፣ ወይ አሞታል ወይ ሰው ነው የጻፈለት" ብላ ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ተገፋፍተው ነው የቆሙት። ደኅና ነዎት? ፎቶውን አላወረደችም፤ ፀሐይ የማይደርስበት ግድግዳ ላይ አዛወረችው።

ስለ ጋሽ ቁልፉ ጠይቀውኛል። ልጆች የላቸውም፤ ሚስታቸውም ድሮ ነው የሞተችው። ስፌት ቤቱ ሲከፈት ጀምሮ ነበሩ። ሲወጡ ምንም አልያዙም፤ መነጽራቸው እንኳን መስኮቱ ላይ ነው ያለው። አልታመሙም። ሹሩቤን ሄደሽ ጠይቂልኝ ብዬ ለመንኳት፤ ቀና ሳትል "እግር አለህ አይደል? አንተ ሂድ" አለችኝ። እኔ ደግሞ በምን ዓይኔ ልሂድ።

ጋሼ፣ ሥራው ተበላሽቷል። ማንም ለግሞ አያውቅም፤ ሁሉም በሰዓቱ ይመጣል፣ በሰዓቱ ይወጣል፣ የተሰጠውን ይሠራል። ግን ድሮ እንዴት ነበር መሰለዎት፤ እጅጌ የጨረሰች ኮሌታ ወደ ዘገየባት ዞር ብላ "አምጪ እስቲ" ትል ነበር። ክር ያለቀበት ቀና ሳይል እጁን ይዘረጋል፣ ከጎኑ ያለው ያቀብለዋል። ትእዛዝ ሲጣደፍ ማንም ሳይነግረን አምሽተን፣ እየተሳሳቅን ጨርሰን እንወጣ ነበር፤ ነገ መምጣት አይከብደንም ነበር። አሁን የአንዷ ማሽን ሲበላሽ ጎረቤቷ አታያትም። "ለምን አላገዝሻትም?" ብላት "እጅ ሁሉ በየሥራው ብለህ የለ" አለችኝ። የኔኑ ቃል፣ በኔው ድምፅ። ሁሉም ሳቁን ዋጠው። የሥራ ማብቂያ ላይ ያልተጨረሰ ስፌት የማሽኑ መርፌ ሥር ትተውት ይነሳሉ። ጠዋት ስገባ ወሬው ይቆማል። ደኅና አደራችሁ ስል የሚመልስልኝ የማሽኑ ጩኸት ነው።

በካውያ የሚተኩሰው ሰውዬ ብቻ ነው አንድ ቀን ያናገረኝ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤ አንተ ሎሚውን ሁሉ ሽማግሌው ላይ ደፋኸው" አለኝ። ቀጠለና ያላወቅሁትን ነገረኝ። ክር ማስገባቱን የጀመረችው ለካ እትዬ መቀስ ነበረች። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባና ማንም ሳያያት አስገብታ ሰክታ ታስቀምጥላቸው ነበር። ሴቶቹ አንድ ቀን ቀድመው ገብተው አይተዋት ነው ልማዱን የያዙት። አንዴ ኮሌታ ገልብጬ በሰፋሁ ጊዜ ባለቤቱ ሳይመጣ አብራኝ ስትፈታ የነበረችው እሷው ናት። ያን ጊዜ ልቤ ለሥራው እንዴት ይሮጥ እንደነበር ትዝ አለኝ። ባለቤቱ ትናንት መጥቶ ክምሩን አየና ዩኒፎርሙ ካልደረሰ እንደምንለያይ ነግሮኛል። እሱ እንኳን ብዙ አላስፈራኝም።

እርስዎ ዘንድ ሠራተኛው ሁሉ ባንድ ጊዜ ጀርባውን የሰጠዎት ቀን አለ? ምን አደረጉ? ይጻፉልኝ እባክዎ። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ጤናዎን ይስጥልኝ፤
የእህትዎ ልጅ


ነሐሴ 24 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታ ማብዛት አልችልበትም፤ ይቅር በለኝ። ይህን ደብዳቤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የጻፍኩት። እጄ ጠዋት ላይ ትንሽ ይሻለዋል፤ የሰኔውን ግን ማታ ቸኩዬ ነው የጻፍኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ እውነቱን ልንገርህ።

እኔ አለቃ አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። አንሶላ አጣፊ ነኝ። መጀመሪያ የዋሸሁት በአፌ አልነበረም፤ እናትህ "አሁንማ ሹም ሆነህ ይሆናል" ብላ አስጽፋ ላከችልኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አደረገችው፤ ከዚያ በየደብዳቤው እያደገ ሄደ። ያቺ ኮት ብቻ የራሴ ናት። ወንበር የለኝም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው።

እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ በሽታ ነው፣ እየባሰ እንጂ እየተሻለው አይሄድም። አንሶላውን ጫፍና ጫፍ አጋጥሜ መያዝ አልችልም። ታዲያ እንዴት እስካሁን ሥራ ላይ አለህ ብትለኝ፣ ተሸክመውኝ ነው። አብሮኝ የሚያጥፈው ረጅሙ የምለው ሰው ነው፤ ቋንቋችን አይገናኝም፣ የምንግባባው በአንሶላና በፎጣ ስም ነው። አንድ ቀን ጫፉ ሲያመልጠኝ አየ። በማግስቱ እኔ ስራመድበት የነበረውን ቦታ ያዘና እኔን አቆመኝ። ከዚያ ወዲህ የሚራመደው እሱ ነው፣ ጫፍ የሚያጋጥመው እሱ ነው፣ እኔ ሆዴ ላይ ደግፌ መያዝ ብቻ ነው ሥራዬ። አለቃችን አንዲት ኮስታራ ሴት ናት። እሷም አየች። ከመተኮሻው አፍ አነሳችኝና ቀዝቀዝ ወዳለው ጥግ አዛወረችኝ፤ ወደኛ የሚመጣው ጋሪም ትንንሽ ፎጣና የትራስ ልብስ እየበዛበት መጣ። አጣፊ ሰው ሲጎድል ወደ ትልቁ አንሶላ ሌላ ትጠራለች እንጂ እኔን አትጠራም። ማንም አንድ ቃል አልተናገረኝም።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት ሌላ ቦታ እንዲሁ አንሶላ አጥፍ ነበር። ያው አንሶላ፣ ያው እንፋሎት። አለቃው ከኋላችን እየዞረ የሚጮህ ነበር፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላውን ደስ ይለው ነበር፣ ጥፋቱ ወደሱ ስላልመጣ። ጠዋት በሩን ከመግፋቴ በፊት ውጭ ቆሜ ደቂቃ እቆጥር ነበር። እዚህ ግን በታመመ እጄ ተነስቼ መሄድ እወዳለሁ። በበዓል ቀን እንኳን "ይጠብቁኛል" እላለሁ። እና እኔ ነኝ ላንተ ያንን ምክር የጻፍኩት። በዚያችው በምትንቀጠቀጥ እጄ፣ ተሸክመውኝ ከዋልኩበት ቤት ተመልሼ፣ ሽማግሌውን በሰው ፊት ተናገረው አልኩህ።

ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄያለሁ። ስለሱ ስትጽፍልኝ ራሴን አየሁ፤ ማየቱን ጠላሁት። አንተ እሱን ብታባርረው እኔ እሱ እንዳልሆንኩ መሰለኝ። ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔማ በእጅ የተጻፈ ነው።

ስለዚያ ሰኞ የጻፍክልኝን እቃ ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ተመልሼ ገባሁ። ረጅሙ አንሶላውን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። እስከ ዛሬም አልቻልኩም። ሥራውን ልተው አስቤያለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ፤ ሰው ጀርባ ላይ ተቀምጦ መኖር ይበቃኛል።

አንተ ግን ሂድ። ለብቻህ ሂድ፣ ሰው ይዘህ እንዳትሄድ። ምክሩ የኔ እንደነበር ንገረው። የእጄንም ነገር ንገረው። ይሄንን ደብዳቤ ደግሞ ለእናትህ አንብብላት፤ አንዱንም መስመር አትዝለል።

አጎት መባል የሚከብደው፣
አጎትህ


መስከረም 19 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ፈጣሪ ለእጅዎ ጽናቱን ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት፤ እንዳሉኝ አንድም መስመር አልዘለልኩም። ስጨርስ ፊቷን ወደ ፎቶው አዞረች። ጭራሽ የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ቆይታ "ታዲያ ያንን ኮት ቁልፉን ማን ይቆልፍለታል?" አለችኝ፤ ከዚያ አለቀሰች። ፎቶውን አታወርደውም። አሁን ሰው ሲጠይቃት "ወንድሜ ነው" ትላለች፣ ሌላ ነገር አትጨምርም።

ጋሽ ቁልፉ ዘንድ ሄጃለሁ። የሚኖሩት ከቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ አልጋቸው ጫፍ ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በድምፄ ነው ያወቁኝ። ተቀመጥ አሉኝ፤ ወንበሯን አራግፈው ሰጡኝ። የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ረሳሁት። አጥፍቻለሁ፣ ይመለሱልኝ አልኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙና አስቀመጡኝ።

"ቂም የለኝም" አሉኝ። "እነሱ እያወቁ እንዳላወቁ ነበሩ። እኔም እየተረዳሁ እንዳልተረዳሁ ሆኜ፣ ሠራተኛ ነኝ እያልኩ እኖር ነበር። አሁን ብመለስ ያስገቡልኛል፣ አውቃለሁ፤ ግን ሲያስገቡልኝ ያዩኛል። እሱን ነው የማልችለው፣ ልጄ።"

ብዙ ለመንኳቸው፤ ወሬውን ወደ እናቴ ጉልበት አዞሩት። የእርስዎንም ነገር ነገርኳቸው፤ ምክሩንም እጅዎንም፣ ሥራውን ሊተዉ እንዳሰቡም። እሱን ሲሰሙ መጀመሪያ ያልተቆጡት ሰውዬ አሁን ተቆጡ። "እኔ ቸኩዬ ነው የወጣሁት" አሉ። "አጎትህ እንዳይወጣ በለው። ማንም ውጣ አላለውም፤ እሱ ማነው ራሱን የሚያባርረው?" ይሄን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍለት ብለውኛል፤ ይኸው ጽፌያለሁ። እኔም እለምንዎታለሁ፣ ጋሼ፤ በሁለት ሰው ኃፍረት ውስጥ የምቆም ሰው አያድርጉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት፣ ማሽኖቹ ሁሉ እየሠሩ፣ ጋሽ ቁልፉ በር ላይ ቆሙ። መነጽሬን ልወስድ ነው የመጣሁት አሉ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሹሩቤ ተነስታ ልትቀበላቸው ሄደች፤ እሳቸው ግን በሷ በኩል አልፈው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ፣ ቀጥታ ወደኔ መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "አለቃዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? እናትህስ? እንግዲህ እኔ ሽምግልናዬን ላርፍበት ነው፤ እነዚህን ልጆች አደራ ሰጥቼሃለሁ፣ አንተን ደግሞ ለነሱ" አሉኝ። ከዚያ እየዞሩ ሁሉንም ተሰናበቱ። መነጽራቸውን ባለካውያው ሰውዬ አቀበላቸው፤ ያ መነጽር ምንም እንደማይጠቅማቸው ሁላችንም እናውቃለን። ለምን እንደመጡ የገባኝ ከወጡ በኋላ ነው።

ያን ቀን ማታ ሹሩቤ ስትወጣ "ደኅና እደር" አለችኝ። በማግስቱ ሁለቱ፣ ከዚያ ሌሎቹም። በሦስተኛው ቀን አንዷ ኮሌታ ሲዘገይባት ጎረቤቷ ዞር ብላ "አምጪ እስቲ" ስትል ሰማሁ። ጠዋት ጠዋት አሁን እኔ ቀድሜ ነው የምገባው፤ ክር ላለቀበት አቀብላለሁ፣ የተገለበጠ ካለ አብሬ እፈታለሁ። ማንም ሳይነግራቸው ማምሸት ጀመሩ። ዩኒፎርሙ ትንሽ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ።

ትናንት ባለቤቱ መጣ። በሁለቱ ረድፍ መካከል ቆመና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ሁሉም እየሰሙ፣ "ሰው መያዝ ታውቅበታለህ፤ ያንን ሽማግሌ ማሰናበትህም ጥሩ ቆራጥነት ነበር" አለኝ። አፌን ከፈትኩ። "እኔ አይደለሁም፣ እሳቸው ናቸው" ልል ነበር። ያወጣሁት ቃል ግን "አመሰግናለሁ" የሚል ነበር፣ ጋሼ። አመሰግናለሁ አልኩት።

ቀና ብዬ ወደ ሠራተኞቹ አየሁ። ሊያዋርዱኝ ይችሉ ነበር፤ አንድ ሳቅ ይበቃቸው ነበር። ሹሩቤ አንገቷን ደፍታ ማሽኗን አስነሳች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም፤ ምንም እንዳልሰሙ። አንድም ሰው አላየኝም።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ